የበጎ ፈቃደኞችን ጽሑፍ በየት እንቀበል? ለትናንሽ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች የመንገዶች ንጽጽር

ሐዋሳ ላይ ሆነን የእቁብ ሒሳብ የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም እንሠራለን። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ይወስደዋል፣ ያሻሽለዋል። ሦስት ነን። ሦስታችንም የቀን ሥራ አለን፤ ፕሮግራሙን የምንነካው ማታ ማታና ቅዳሜ ነው። ኮድ የሚያዋጣ ሰው አላጣንም። ያጣነው "ይሄ ቁልፍ ምን ያደርጋል?" ለሚለው ጥያቄ ሰው በሚገባው ቋንቋ መልስ የሚጽፍ ነው።

ጣጣው የእኛ ብቻ አይደለም። ብዙ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ ጊትሀብ በ2017 እ.ኤ.አ. ባካሄደው የዳሰሳ ጥናት መልስ ከሰጡት 93 በመቶዎቹ የጎደለ ወይም ያረጀ ዶክመንቴሽን (የአጠቃቀም መመሪያና ማብራሪያ) በየቦታው እንደሚገጥማቸው ተናግረዋል። በዚያው ጥናት፣ ለፕሮጀክቶች ከሚያዋጡት ሰዎች 60 በመቶዎቹ ዶክመንቴሽን የሚነኩት ከስንት አንዴ ነው፤ ወይም ጭራሽ አይነኩም። ሁሉም ያማርራል፣ የሚነካው የለም።

ለምን አይነካም? እኔ የገባኝ አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ካፌ ቁጭ ብዬ ነው። አብረውኝ ለዓመታት የእቁብ ጸሐፊ የሆኑ አንዲት ሴት ነበሩ። እትዬ እላቸዋለሁ። መመሪያችንን በስልካቸው ከፍተው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ስህተት አገኙ። መመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ብር ተቀብሎ ዙሩ ከተዘጋ በኋላ ዋስ ይመዝገብ ይላል።

"ዋስ ሳይጠራ ብር ይሰጣል እንዴ? ማነው ይሄን የጻፈው?"

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግን ኦፕን ሶርስ ነዋ፣ ኩራት ቢጤ ያዘኝና "እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ ያርሙታ!" አልኩ። መጀመሪያ ጊትሀብ ላይ አካውንት መክፈት። ኢሜይል ማረጋገጥ፤ የኢሜይሉን ፓስወርድ የሚያውቀው ልጃቸው ነው፣ ልጁ ደግሞ ስልክ አያነሳም። ከዚያ የእርሳስ ምልክቷን መፈለግ። ከዚያ "ለማረም መጀመሪያ ፕሮጀክቱን ወደ ራስዎ ይቅዱ" የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት። አርባ ደቂቃ ሄደ፣ ማኪያቶው ቀዘቀዘ። "በል አንተው አስተካክለው፣ እኔ እቁቤ ደረሰ" ብለው ተነሱ።

ማታ ቤት ገብቼ በአንድ ደቂቃ አረምኩት። በለውጦቹ መዝገብ ላይ ግን የተጻፈው የእኔ ስም ነው።

ከዚያ ወዲህ የበጎ ፈቃደኛ ጽሑፍ የምንቀበልባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ሞከርን። ከታች ያለው ከዚያ የተረፈን ነው። እናንተም ትንሽ ፕሮጀክት ይዛችሁ "ዊኪ እንክፈት ወይስ ሪፖው ውስጥ እንጻፈው?" እያላችሁ ከሆነ ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ። (ሪፖ የፕሮጀክቱ ኮድ የሚቀመጥበት ማህደር ነው፤ ዊኪ ደግሞ አንባቢው ራሱ የሚያርመው ድረ ገጽ።)

መጀመሪያ መመዘኛው

መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

*አንድ ዓረፍተ ነገር ለማረም ስንት ደቂቃ ይፈጃል?* ለእናንተ አይደለም፣ ለእትዬ ነው። ኮድ የማይጽፍ ሰው ስልክ ስጡትና ሰዓት ያዙ።

*ማን ያጣራል፣ መቼ?* ገንዘብ ነክ መመሪያ ውስጥ የተሳሳተ እርምጃ ሰው ያጣላል። ስለዚህ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ግን ማጣሪያው የእናንተ ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ከሌላችሁ የተላከው ሁሉ ይቆለላል።

*ፕሮግራሙ ሲቀየር ጽሑፉ አብሮ ይቀየራል?* የቁልፉ ስም ተቀይሮ መመሪያው የድሮውን ስም ከጠራ፣ ባይኖር ይሻል ነበር።

*በስልክና በደካማ ኔትወርክ ይሠራል?* ብዙዎቹ ፈቃደኞቻችን ላፕቶፕ የላቸውም።

*የጻፈው ሰው ስም ተመዝግቦ ይቆያል?* ለተማሪ ሲቪ ነው፣ ለሌላው ክብር ነው። ትንሽ ነገር አይደለም።

የገንዘብ ወጪን ሆን ብዬ አላስገባሁትም። ከታች ያሉት መንገዶች ከሞላ ጎደል በነጻ ይገኛሉ። የሚከፈለው በሰዓት ነው።

ጽሑፉን ከኮዱ ጋር ሪፖ ውስጥ ማኖር

ፕሮግራመሮች ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚሉት ይሄንን ነው። መመሪያው በማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች በሚቀረጽ ተራ ጽሑፍ) ይጻፋል፣ ከኮዱ ጋር አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ማረም የሚፈልግ ፑል ሪኩዌስት ("ለውጤን ተቀበሉኝ" የሚል ጥያቄ) ይልካል። ሪፖው ለሕዝብ ክፍት ከሆነ በጊትሀብ ፔጅስ ወይም በሪድ ዘ ዶክስ ያለ ክፍያ ወደ ድረ ገጽ ይለወጣል።

አብሮ በመታደስ የሚስተካከለው የለም። የቁልፉን ስም የቀየረ ፕሮግራመር እዚያው መመሪያውን እንዲያስተካክል ማስገደድ ይቻላል፤ "መመሪያው ካልተነካ ኮዱ አይገባም" ማለት ነው። እኛ ይሄን ሕግ ካወጣን በኋላ ያረጀ ገጽ በጣም ቀንሶልናል። ማጣሪያውም ጥብቅ ነው፤ እያንዳንዱ ለውጥ በሰው ዓይን ያልፋል፣ ማን መቼ ምን እንደቀየረም ይመዘገባል።

መግቢያው ላይ ነው ችግሩ። እትዬን አይታችኋል። በዚያ ላይ ጊትሀብ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮድ ከሚያዋጡ ሰዎች ከፓስወርድ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ለደህንነት ጥሩ ነው፤ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ብሎ ለመጣ ሰው ግን ሌላ በር ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። የእቁብ ዳኛ አይለምደውም፣ እንዲለምደው መጠበቅም ልክ አይመስለኝም።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ጥፋት የራሳችን ነው። አንድ ተማሪ ስለ ቅጣት አከፋፈል ሁለት ገጽ ጽፎ ላከ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። ሦስታችንም "ሌላው ያየዋል" እያልን ሦስት ሳምንት አለፈው። ስናጸድቀው ልጁ የለም። መልእክት ላክን፣ "እሺ፣ ደስ ይላል" አለን፣ በዚያው ቀረ። መሣሪያው ምንም አላጠፋም። አሁን በሁለት ቀን ውስጥ አንዳችን የግድ መልስ እንሰጣለን፤ ቢያንስ "አይተነዋል፣ ቅዳሜ እናነበዋለን" እንላለን። መሣሪያ ከመቀየራችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ።

ዊኪ

ዋርድ ከኒንግሃም የመጀመሪያውን ዊኪ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲከፍት ስሙን የወሰደው "ፈጣን" ከሚል የሃዋይ ቃል ነው። ፍጥነቱ እውነት ነው። ገጽ ትከፍታለህ፣ ትጽፋለህ፣ ታስቀምጣለህ፣ ወዲያው ይታያል። ዊኪፔዲያን ያረመ ሰው ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም።

የሚጎዳውም ይኸው ፍጥነት ነው። ማጣሪያው የሚመጣው ከታተመ በኋላ ነው። ለታሪክ ገጽ ችግር የለውም፤ "ብሩን መጀመሪያ ስጥ" ለሚል ገጽ ግን ያስፈራል። የጊትሀብን ዊኪ ለመጠቀም ያሰባችሁ ደግሞ ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ሲከፈት ማረም የሚችሉት የፕሮጀክቱ አባላት ብቻ ናቸው፤ ለሁሉም ለመክፈት ቅንብሩን መቀየር አለባችሁ። ሁለተኛ፣ ዊኪው ላይ ፑል ሪኩዌስት የለም። አካውንት ግን ያው ይጠየቃል፤ እናም የሪፖውን ጣጣ ግማሹን ተሸክማችሁ ማጣሪያውን ታጣላችሁ። ለእኛ አልተመቸንም።

ዊኪ የሚያምረው ብዙ ጸሐፊ ባለበት ነው። አሥራ አምስትና ሃያ ሰው ዘወትር የሚጽፍ ከሆነ እርስ በርስ ይተራረማሉ። ሦስት ሰው ያለው ዊኪ ግን በስድስት ወሩ አቧራ ይለብሳል።

ጉግል ዶክ

ፕሮግራመር ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። ሊንክ ይላካል፣ ሰው ይከፍታል፣ ይጽፋል። በጥቆማ ሁነታ ካደረጋችሁት እርማቱ በቀለም ይታያል፤ እናንተ ትቀበላላችሁ ወይም ትመልሳላችሁ። ፑል ሪኩዌስትም እኮ በመሠረቱ ይሄው ነው፣ ስሙ ነው የሚያስፈራው። ስልክ ላይ መተግበሪያው ከተጫነ ኔትወርክ ሲጠፋም መጻፍ ይቻላል።

ጉድለቱ ሁለት ነው። ሰነዱ ከኮዱ ተለይቶ ስለሚኖር በራሱ አይታደስም፤ ሰው አስታውሶ ካልቀየረው እንደነበረ ይቀራል። ሁለተኛው ስም ነው። ሳይገባ በሊንክ ብቻ የከፈተ ሰው ስሙ ሳይሆን "ስም የለሽ" ተብሎ አንድ እንስሳ ይለጠፍለታል። አንዴ ስለ ዕጣ አወጣጥ ግሩም አንቀጽ የጻፈልን ሰው ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅንም። የምናውቀው እንስሳውን ነው።

ስለዚህ ጉግል ዶክ መኖሪያ ሳይሆን መጻፊያ ይሁን። ጽሑፉ ሲያልቅ ወደ ሪፖው ይግባ። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰነዱን በቀጥታ በማርክዳውን ማውረድ ስለሚቻል፣ ድሮ አንድ ማታ ይፈጅ የነበረው ሥራ አሁን ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። የሰነዱን አናት ላይ "ስምዎን እዚህ ይጻፉ" የሚል መስመር ማስቀመጥ አትርሱ።

ቴሌግራም ግሩፕ

እውነቱን እንነጋገር። ሰዉ ያለው እዚህ ነው። መመሪያ ቢኖርም ባይኖርም ጥያቄው ግሩፕ ውስጥ ይመጣል፣ መልሱም እዚያው ይሰጣል። የእኛ ግሩፕ ውስጥ ያለው እውቀት ከመመሪያችን ይበልጣል፤ ደግሞ በድምፅ ነው፣ በስክሪንሾት ነው፣ "ኧረ ቆይ ላሳይህ" ተብሎ ነው። መግቢያው ላይ ምንም እንቅፋት የለም። ደካማ ኔትወርክ ላይ ይሠራል። መጻፍ የማይወድ ሰው ይናገራል።

ነገር ግን እንደ ሐይቅ ነው፤ የገባውን ሁሉ ውጦ ዝም ይላል። ማክሰኞ የተመለሰው ጥያቄ ሐሙስ ይደገማል። የድምፅ መልእክት በቃል ተፈልጎ አይገኝም። ተራ አባል የጻፈውን ከ48 ሰዓት በኋላ ማረም አይችልም፤ ሌላ አባል የጻፈውን ደግሞ ማንም አያርምም። ስለዚህ ጥሩ መልስ ሲያረጅ እዚያው እንዳረጀ ይቀራል፣ አዲስ የገባ ሰው ያገኘውና ይከተለዋል።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰው ተረኛ ይሆናል፤ ሥራው ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠየቀውን ጥያቄ ከነመልሱ ወደ መመሪያው ማዛወር ነው። ከዚያ ጥያቄው እንደገና ሲመጣ የገጹን ሊንክ እንልካለን። ተራው ሲዘለል ወዲያው ይታወቃል፣ ግሩፑ ይንጫጫል።

ቁጭ ብሎ አብሮ መጻፍ

አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ስድስት ሰው። ሁለት ፕሮግራመር፣ አራት ተጠቃሚ። ተጠቃሚው ይናገራል፣ ፕሮግራመሩ ይጽፋል፣ ከዚያ ሌላ ተጠቃሚ የተጻፈውን ብቻ እያየ ይሠራል። የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ጽሑፉ ይታረማል።

በአንድ ከሰዓት እንደዚህ ያለ ጥሩ ጽሑፍ የሚሰጥ መንገድ አላየሁም። ግን ሰው መሰብሰብ አለ፣ ዳታ አለ፣ ቡና አለ፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል። በወር አንዴ ከሆነ ጥሩ ነው፤ በየሳምንቱ ካላችሁ ሰው ይሰለቻል። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ መሆን ይረዳል፤ ሐዋሳም አዳማም ብትሆኑ ልምምድ የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋም።

ስትሰበሰቡ ሥራውን ቆርጣችሁ ስጡ። "ዶክመንቴሽን እንጻፍ" ተብሎ የተጠራ ሰው ምን እንደሚጽፍ አያውቅም። "አንድ አባል መሃል ላይ ሲወጣ ምን ይደረጋል? አንድ ገጽ" ሲባል ግን ይጽፋል። ዳንኤሌ ፕሮቺዳ ዲያታክሲስ ብሎ ያዘጋጀው ዘዴ ዶክመንቴሽንን በአራት ይከፍለዋል፤ ጀማሪን እጅ ይዞ ማስተማሪያ፣ አንድን ሥራ እንዴት እንደሚሠሩት ማሳያ፣ ዝርዝር ማጣቀሻ፣ እና ለምን እንደዚህ ሆነ የሚል ማብራሪያ። ለበጎ ፈቃደኛ የሚቀለው ሁለተኛው ነው። ማጣቀሻውን ለራሳችሁ ተዉት።

ትርጉም ከሆነ

መመሪያውን ወደ ሌላ ቋንቋ ማዛወር የተለየ ሥራ ነው፣ የተለየ መሣሪያም አለው። ዌብሌት ራሱ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ነጻ ለሆኑ ሶፍትዌሮች በነጻ ያስተናግዳል። ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ ያቀርባል፣ ተርጓሚው ኮዱን ሳያይ ይሞላል። እኛ ሲዳሙ አፎን ለመጨመር ያሰብነው በዚህ ነው። በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የገጹ ስፋትና የቁልፎቹ ርዝመት ከአማርኛው ይለያል፤ ቀድማችሁ ፈትሹት።

ሁሉም በአንድ ላይ

| መንገድ | ለጀማሪ | ማጣሪያ | ከኮዱ ጋር መታደስ | ስልክና ደካማ ኔትወርክ | የጸሐፊው ስም መቆየት | ከእናንተ የሚወስደው ሰዓት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሪፖ | ከባድ | ከመታተሙ በፊት | በጣም ጥሩ | ያስቸግራል | በጣም ጥሩ | መካከለኛ፣ ግን ቶሎ መልስ ይፈልጋል |
| ዊኪ | ቀላል | ከታተመ በኋላ | ደካማ | መካከለኛ | ጥሩ | መጀመሪያ ትንሽ፣ በኋላ ብዙ |
| ጉግል ዶክ | በጣም ቀላል | በጥቆማ | የለም | ጥሩ | ካልጠየቃችሁ ይጠፋል | ትንሽ |
| ቴሌግራም | ከሁሉም ቀላል | የለም | የለም | በጣም ጥሩ | ይረሳል | በየሳምንቱ ተረኛ |
| አብሮ መጻፍ | ቀላል | እዚያው | ወደ ሪፖ ከገባ | አይመለከተውም | ጥሩ | አንድ ሙሉ ቅዳሜ |
| ዌብሌት | ቀላል | አለ | ጥሩ | መካከለኛ | ጥሩ | ማዋቀሩ ላይ ብዙ |

የትኛው ለማን?

ፈቃደኞቻችሁ የኮምፒውተር ተማሪዎች ከሆኑ ሪፖውን ምረጡና ሌላውን እርሱት። "ለጀማሪ የሚሆን" የሚል ምልክት ያለባቸው አምስት ትንንሽ ሥራዎች ሁሌም ክፍት ይኑሩ። ሲያልቁ ጨምሩ።

ተጠቃሚዎቻችሁ ነጋዴ፣ መምህር፣ ነርስ፣ እቁብተኛ ከሆኑ፣ በቴሌግራም ተቀበሉ፣ በጉግል ዶክ ጻፉ፣ በሪፖ አኑሩ። ሦስት ቦታ ይበዛል እንደምትሉ አውቃለሁ። ለፈቃደኛው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ሁለቱን የምታመላልሱት እናንተ ናችሁ።

ብቻውን ለሚሠራ ሰው ምክሬ ሌላ ነው። ምንም አዲስ አትክፈት። አንድ የሚነበብ ገጽ ሪፖው ላይ ጻፍና በወር አንዴ ከሁለት ተጠቃሚ ጋር ቡና ጠጣ።

ትንሽ በጀት ያላችሁ ቲሸርት አታሳትሙ። ዲጂታልኦሽን የተባለው የሰርቨር አከራይ ኩባንያ በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሀክቶበርፌስት የተባለ ዘመቻ በፈረንጆቹ ኦክቶበር ወር አራት ፑል ሪኩዌስት ለላከ ቲሸርት ይሰጥ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. ትርጉም የለሽ ለውጥ ፕሮጀክቶቹን አጥለቀለቃቸው፤ አንዲት ቃል ጨምሮ የሚልክ ሰው በዛ። አዘጋጆቹ ወሩ ሳያልቅ ሕጉን ቀይረው ፈቅደው በገቡ ፕሮጀክቶች ብቻ ወሰኑት። ብሩ ካለ ለሚጽፉት ሰዎች የዳታ ፓኬጅ ግዙ።

ለሁሉም የሚሆን፦ የቃላት ገበታ

የትኛውንም ብትመርጡ ይሄ ካልቀደመ ትቸገራላችሁ። አማርኛ ላይ አንድ ቃል በብዙ ፊደል ይጻፋል። አንዱ "ዕጣ" ይላል፣ አንዱ "እጣ"። "ጸሐፊ" አለ፣ "ፀሐፊ" አለ፣ "ፀሃፊ" አለ። ለሰው አንድ ናቸው፤ ለፈላጊው ሳጥን ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። ተጠቃሚው "እጣ" ብሎ ፈልጎ "ምንም አልተገኘም" ሲባል መመሪያ የለም ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ገጽ ላይ የመረጣችሁትን አጻጻፍ አስፍሩ፤ ቁልፉ ላይ ያለውና መመሪያው ላይ ያለው አንድ ይሁን። የቀኑን ነገርም እዚያው ወስኑ፣ የእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ የፈረንጆቹ። በጎ ፈቃደኞችን በፊደል አትውቀሱ፤ ሲገባ እናንተ አስተካክሉት።

ስምን በተመለከተ ደግሞ ሰው አካውንት ባይኖረውም ኮሚቱ (እያንዳንዱ ለውጥ የሚመዘገብበት) ላይ "አብሮ የጻፈው" ብሎ ስሙን መጨመር ይቻላል። አንድ መስመር ነው። መጀመሪያ ግን ሰውየውን አስፈቅዱ፤ ስሙ በይፋ እንዲወጣ የማይፈልግ አለ።

እትዬን አስፈቅደናል። አሁን አካውንት የላቸውም፣ አያስፈልጋቸውምም። በቴሌግራም ድምፅ ይልካሉ፣ እኛ እንጽፋለን፣ መልሰን እናነብላቸዋለን፣ "እንደሱ አላልኩም" ካሉ እናርማለን። ባለፈው የላኩት ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ድምፅ ነበር፦ "ልጄ፣ ዕጣው የወጣለት ሰው ቀሪውን ዙር ሳይጨርስ ቢሞትስ? ከዋሱ ነው ከልጆቹ የምትቀበሉት? እሱን የት ጋ ነው የጻፋችሁት?"

የትም አልጻፍነውም። ፕሮግራሙም አያውቀውም። ኢሹ (ገና ያልተፈታ ጉዳይ መመዝገቢያ) ከፍተንበታል፤ ጠያቂ በሚለው ቦታ የእሳቸው ስም አለ።